በጎንደር የተሰጠው የኮሪያ ፊልም ጥናት ኮርስ

ፒያሳ አካባቢ የተሰጠው የኮሪያ ፊልምና ቴሌቪዥን አጭር ኮርስ፣ ድራማ ከመከታተል አልፎ ኢንዱስትሪው እንዴት እንደቆመ ማወቅ ለሚሻ ሰው የሚመከር ነው። ከሁሉም የላቀው ፖሊሲን የሚመለከተው ክፍል ሲሆን፣ የደቡብ ኮሪያ ሕገ መንግሥታዊ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1996 የፊልም ቅድመ ሳንሱር ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብሎ መወሰኑ፣ ሲኒማ ቤቶች በዓመት 146 ቀን የአገር ውስጥ ፊልም እንዲያሳዩ ያስገድድ የነበረው ኮታም በ2006 ወደ 73 ቀን ሲወርድ ፊልም ሠሪዎች ለተቃውሞ አደባባይ መውጣታቸው በጥንቃቄ ተተንትኗል። መምህሩ እ.ኤ.አ. በ1960 የተሠራውን «ሃንዮ» (የቤት ሠራተኛዋ) የተሰኘ የኮሪያ ፊልም ሲያሳዩ የቤቱን መወጣጫ ደረጃ ትዕይንት እያስቆሙ፣ ባለ ሁለት ፎቁ ቤት የመደብ ልዩነትን እንዴት እንደሚገልጽና ይኸው ዘዴ በ2019ኙ የኮሪያ ፊልም «ፓራሳይት» እንዴት እንደተመለሰ አስረድተዋል። ለቴሌቪዥን የተመደበው ጊዜ ግን እጅግ ጥቂት በመሆኑ ከኮርሱ ርዕስ ቢወጣ ይሻል ነበር፤ ክፍያውም ለተማሪ ከበድ ይላል።