ለማታ ልምምድ የያዝነው የኮንትራት ባጃጅ

ልጄ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር በሚገኘው ትምህርት ቤቷ ቲያትር ክበብ ገብታለች። ልምምዱ ማታ 12 ሰዓት ይጀምራል። በድሬ ሙቀት ቀን ቆርቆሮ ሥር ማን ይተውናል፣ እሱስ ይገባኛል። ያልገባኝ 2 ሰዓት ያልቃል የተባለው 3 ተኩል ሲሆን ነው። አንድ ማታ ስልኳ ባትሪ ጨርሶ፣ እኔ ነጠላዬን ጣል አድርጌ ግቢው በር ላይ ስንቆራጠጥ፣ መምህሩ ውስጥ «አንዴ እንደገና!» ይላል።

ከዚያ ሦስት ወላጆች ተነጋግረን ባጃጅ በኮንትራት ያዝን። ሹፌሩን ወደድኩት። ቤት ሲደርስ ጥሩምባ አይነፋም። በሩ ተከፍቶ ልጅቷ እስክትገባ መብራቱን አብርቶ ይጠብቃል። እኛ መጋላ ሰፈር ነን፣ የደቻቱን ወንዝ መሻገር አለ። የሐምሌ 1998ን ጎርፍ ያየ ሰው ደጋው ላይ ደመና ሲያይ እንቅልፍ የለውም፤ ድሬ ላይ ጠብ ሳይል ውሃው ከላይ ይመጣላ። ሹፌሩም የድሬ ልጅ ነው፣ ሰማዩ ከጠቆረ ሳልጠይቀው ይደውላል።

ጫት ትቅማለህ ወይ ብዬው ነበር። ሳቀና «እናቴ፣ ሥራ ላይ አልቅምም» አለኝ። እንግዲህ ማመን ነው።

ሙዚቃው ግን ይጮሃል፣ ሰፈሩን ይቀሰቅሳል። ልምምዱ ሲረዝም ጭማሪ ይጠይቃል፤ አልፈርድበትም፣ ጥፋቱ የመምህሩ ነው። ልጄ እንደምትለው ከሆነ የአያትየዋን ቃለ ተውኔት ከተዋናይዋ ቀድሞ ሹፌሩ ሸምድዶታል።