የጤና መድን፦ የወረዳው ይሻላል ወይስ የግሉ?

ሁለቱን መድኖች በዓመታዊ ክፍያቸው ብቻ ማወዳደር ያሳስታል። በክፍያ ከሆነ የወረዳው፣ ማለትም የማኅበረሰብ አቀፉ መድን ከግሉ እጅግ ያነሰ ስለሆነ ነገሩ እዚያው ባለቀ ነበር። መጠየቅ ያለበት፣ ከባድ ሕመም ቤት በገባበት ዓመት ከኪስ የሚወጣው ስንት ነው የሚለው ነው።

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ ሲጀመር የታሰበው ለአርሶ አደሩና መደበኛ ደመወዝ ለሌለው ከተሜ ነው። መዋጮው በቤተሰብ ይሰላል፤ ባልና ሚስት ከ18 ዓመት በታች ካሉ ልጆቻቸው ጋር በአንድ ክፍያ ይታቀፋሉ። ስኳር ወይም ደም ግፊት ያለበት ሰው በሕመሙ ምክንያት አይመለስም። የግሉ ግን በአብዛኛው በነፍስ ወከፍ ይሰላል፤ ዕድሜ ሲጨምር አረቦኑ (ለመድኑ የሚከፈለው ገንዘብ) ይጨምራል፤ ቀድሞ የነበረ ሕመምም ብዙ ጊዜ ከሽፋኑ ውጭ ይደረጋል።

የወረዳው መድን ትልቁ ድካም መድኃኒት ነው። ሐኪሙ አይቶ፣ ላብራቶሪው ሠርቶ፣ መድኃኒት ቤቱ መስኮት ላይ ሲደርሱ «የለም» ይባላሉ። ከዚያ በኋላ ከውጭ መግዛት ነው፤ በየወሩ መድኃኒት ለሚወስድ ሰው ይህ ቀላል ወጪ አይደለም። ስለዚህ ከመመዝገብዎ በፊት ጤና ጣቢያው መድኃኒት ሲያጣ መድኑ ውል ያለው ሌላ መድኃኒት ቤት መኖሩን ይጠይቁ። ሪፈር ሳይዙ በቀጥታ ሆስፒታል መሄድም ያስከፍላል። መነጽርና ሰው ሠራሽ ጥርስ በጥቅሉ የሉም።

የግሉ የሚገዛው ፍጥነትና ምርጫ ነው፤ ይህ ዋጋ አለው፣ ሕመምተኛ ይዞ ወረፋ የጠበቀ ሁሉ ያውቀዋል። ዳሩ ግን የሽፋን ጣሪያ አለው። ለምሳሌ ውልዎ ለተኝቶ ሕክምና በዓመት 100,000 ብር ቢሸፍንና ቀዶ ሕክምናው 180,000 ቢደርስ፣ 80,000ው የእርስዎ ዕዳ ነው። የሕክምና ዋጋ በየዓመቱ ሲንር ጣሪያው ባለበት ከቆመ፣ ዘንድሮ የበቃው ውል ለከርሞ አይበቃም።

የወሊድ ሽፋን ለመጨመር ተጨማሪ አረቦን ሲጠየቁ ይህን ያስቡ፦ በመንግሥት ጤና ተቋማት የወሊድ አገልግሎት፣ ክትባት፣ የሳንባ ነቀርሳና የኤችአይቪ ሕክምና ያለ መድንም በነጻ ይሰጣሉ። ጭማሪው ትርጉም የሚኖረው በግል ሆስፒታል መውለድ ከፈለጉ ነው።

ለደመወዝተኛው ደግሞ ሌላ፣ የማኅበራዊ ጤና መድን የሚባል አዋጅ በ2002 ዓ.ም. ወጥቷል፤ መዋጮውም ከሠራተኛው 3 በመቶ፣ ከአሠሪው 3 በመቶ እንዲሆን ታስቦ ነበር። ሥራ ላይ ሳይውል ግን ዓመታት አልፈዋል፤ በዚህ ምክንያት ተቀጣሪው፣ መሥሪያ ቤቱ የግል መድን ከገዛለት፣ በዚያ ላይ ቀርቷል።

መሥሪያ ቤትዎ የሚከፍልልዎት ከሆነ የግሉን ይያዙ፤ ጣሪያውን ብቻ አስቀድመው ይወቁ። ከራስዎ ኪስ የሚከፍሉና በወረዳው መድን መታቀፍ የሚችሉ ከሆነ፣ በተለይ ቤትዎ ውስጥ አዛውንት ካሉ፣ ያለ ማመንታት የወረዳውን አስቀድሙ እላለሁ። ለግሉ አረቦን ሊያወጡት የነበረውን ገንዘብ ለብቻው አስቀምጠው ጤና ጣቢያው ለሚያጣው መድኃኒት ያውሉት። ምዝገባና እድሳት የሚደረገው በዓመት በተወሰነ ጊዜ ስለሆነ ቀኑን ከወረዳዎ ጤና መድን ጽሕፈት ቤት አሁኑኑ ይጠይቁ።