ሎግቡኩን፣ የአውሮፕላናችንን የጥገና መዝገብ፣ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምረው ላነበቡልን ጋሼ፦ ምስጋናና ጥቆማ

ሰላም ለሁላችሁ። አንድ ሰው በአደባባይ ላመሰግን ነው የመጣሁት። በዋሽንግተን ዙሪያ፣ ሜሪላንድም ሆነ ቨርጂኒያ፣ ትንሽ አውሮፕላን ያላችሁ ወይም ለመግዛት የምታስቡ ሐበሾች እዚህ እንዳላችሁ አውቃለሁ። እናንተ ደግሞ ይህን ሰው ሳታውቁ እንድትቀሩ አልፈልግም።

ስማቸውን አልጽፍም። «የኔን ስም ፌስቡክ ላይ እንዳላይ» ብለውኛል፤ ቃላቸውን አከብራለሁ። እኛ ጋሼ ነው የምንላቸው። የአውሮፕላን መካኒክ ናቸው። የአውሮፕላን አካልና ሞተር ለመጠገን የሚያስችለው የኤ ኤንድ ፒ ፈቃድ አላቸው፣ ዓመታዊ ምርመራ የሚያስፈርመው አይኤ (IA) የሚባል ፈቃድም አላቸው። ሙያውን የጀመሩት አገር ቤት፣ አየር መንገዳችን ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አዲስ አበባ ይገጣጠም የነበረውን የእርሻ መድኃኒት መርጫ አውሮፕላን፣ እሸትን፣ የምታስታውሱ ካላችሁ፣ ጋሼ እሱ ላይ እጃቸውን ካፍታቱት ልጆች አንዱ ነበሩ።

ወደ ጉዳዩ ልግባ። እኔ፣ ባለቤቴና አንድ ጓደኛችን ሦስት ሆነን የ1974 ሞዴል ሴስና 172ኤም ገዛን። የምናቆመው ፍሬድሪክ ኤርፖርት ነው። ሞተሩ ላይኮሚንግ ኦ-320-ኢ2ዲ ነው፤ አራት ሲሊንደር፣ 150 የፈረስ ጉልበት። አሮጌ ቢሆንም የሚታዘዝ አውሮፕላን ነው። ከልቤ ነው የምወደው።

ችግሩ የጀመረው በሁለተኛው ክረምታችን፣ ማለቴ በዚህ አገር በጋ ላይ ነው። ሞቃት ቀን ረዘም አድርገን በርረን እናርፋለን። ፓርኪንግ ጋ ደርሰን ሞተሩን በአይድል፣ ማለትም በዝቅተኛ ዙር፣ ስናደርገው የዘይት ግፊቱ መርፌ ይወርዳል። በዚህ አውሮፕላን የግፊት መለኪያ፣ በጌጁ፣ ላይ የተለመደውን ግፊት የሚያሳየው አረንጓዴ ከ60 እስከ 90 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ አሃድ) ነው። ታችኛው ቀይ መስመር 25 ላይ ነው። የኛ መርፌ ሠላሳን ነክቶ ወደ ቀዩ ይጠጋ ነበር። ቀዩን አላለፈም። ግን ባየሁት ቁጥር ሆዴ ይላወስ ነበር።

አንድ ጋራዥ ወሰድነው። «ጌጁ ነው» ብለው አዲስ ጌጅ ገጠሙ። ምንም አልተለወጠም። ተመልሰን ሄድን። «አሮጌ ሞተር እንዲህ ነው፤ ወፍራም ዘይት ተጠቀሙ» አሉን። ከፍለን ወጣን። የጋራዡን ስም አላነሳም፤ የመጣሁት ለምስጋና ነው።

ስለ ጋሼ የሰማሁት ቤተክርስቲያን፣ ከቅዳሴ በኋላ ቡና ስንጠጣ ነው። አንዲት እህት «አባቴ ጋር አብረው የሠሩ አንድ ሰው አሉ» አለችኝ። ደወልኩላቸው። ስለ ግፊቱ ልነግራቸው ስጀምር አቋረጡኝና «ሎግቡኮቹ አሉ? ሁሉም?» አሉኝ። አሉ አልኳቸው። «ይዘሽ ነይ» አሉኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ሃንጋር ውስጥ ተገናኘን። መፍቻ አላነሱም። ካቻቢቴም አላነሱም። መነጽራቸውን አደረጉ፣ ከቴርሞሳቸው ቡና ቀዱ፣ የ1974ቱን ሎግቡክ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምረው ማንበብ ያዙ። እኔ ቆሜ አያለሁ። አንድ ሰዓት ሞላ፣ ሁለት ሰዓት ሞላ። አንዳንዴ ቁጥር በወረቀት ይመዘግባሉ። እውነቱን ለመናገር ትዕግስቴ ሊያልቅ ነበር። በኋላ አንድ መስመር ላይ ጣታቸውን አሳርፈው ጠሩኝ።

«ልጄ፣ ይህን አንብቢልኝ።»

«ኤዲ 96-09-10 ተፈጽሟል» ይላል። ቀን አለው፣ ፊርማ አለው።

«በምን ተፈጸመ? ምን ዕቃ ወጣ? ምን ገባ? ቁጥሩስ የት አለ?»

ምንም የለም። አንድ መስመር ብቻ። ሞተሩ ለመጨረሻ ጊዜ ኦቨርሆል የተደረገው፣ ማለትም ሙሉ በሙሉ ተፈትቶ የታደሰው፣ በ1985 ነው። ከዚያ በኋላ የዘይት ፓምፑ ተከፍቷል የሚል አንድም ጽሑፍ በሎግቡኩ ውስጥ የለም። አሮጌው ባለቤት አውሮፕላኑን ለብዙ ዓመታት ሃንጋር ውስጥ አስቀምጦት ነበር። በመሃል አንድ ሰው ሳያይ ፈርሟል፤ ከሱ በኋላ የመጡት ደግሞ ፊርማውን አምነው አልፈዋል።

ይህ ኤዲ ምን እንደሆነ ለማታውቁ ላስረዳ፤ ላይኮሚንግ ሞተር ያለው ሁሉ ሊያውቀው ይገባል። የአሜሪካ የአቪዬሽን ባለሥልጣን፣ ኤፍኤኤ፣ በ1996 ያወጣው የአየር ብቁነት መመሪያ ነው። የ320 እና የ360 ቤተሰብ የሆኑትን ጨምሮ ብዙ ላይኮሚንግ ሞተሮችን ይመለከታል። ነገሩ እንዲህ ነው። የዘይት ፓምፑ ሁለት ትንንሽ ማርሾች ናቸው። ጥርስ ለጥርስ ተያይዘው ጠባብ ቤት ውስጥ ይሽከረከራሉ። ዘይቱን ከታች ከመያዣው ስበው ወደ ፊልትሮው፣ ከዚያም ወደ ሞተሩ ሁሉ ይገፋሉ። ቀላል ነገር ነው። ነገር ግን በአንዳንድ አሮጌ ሞተሮች ላይ እነዚህ ማርሾች ከአሉሚኒየም፣ ወይም ከተጨመቀ የብረት ዱቄት የተሠሩ ነበሩ። አሉሚኒየሙ ይበላል። የዱቄቱ ብረት ደግሞ ሊሰነጠቅ ይችላል። ማርሹ አየር ላይ ከተሰበረ የዘይት ግፊት ዜሮ ይሆናል። ዘይት የሌለው ሞተር ደግሞ ብዙ ሳይቆይ ይነክሳል፣ ተጣብቆ ይቆማል። መመሪያው እነዚህ ማርሾች ወጥተው በጠንካራ ብረት በተሠሩት እንዲተኩ ነው ያዘዘው።

በአውሮፕላናችን አንድ ሞተር ብቻ ነው ያለን። ከፍሬድሪክ ተነስታችሁ በካቶክቲን ተራራ ላይ ስታልፉ ታች ያለው ደን ብቻ ነው። ባለቤቴንና ልጆቼን ይዤ በዚያ ስንቴ እንዳለፍኩ ሳስብ እጄ ቀዘቀዘ።

ጋሼ ግን ወዲያው «ሞተሩ ይውረድ» አላሉም። ይህን በጣም ነው የማደንቅላቸው። «ወረቀት ይጠረጠራል እንጂ አይፈረድበትም» ብለው ከርካሹ ነገር ጀመሩ። መጀመሪያ ሌላ፣ ትክክለኛነቱ የተረጋገጠ ጌጅ በቀጥታ ሞተሩ ላይ ገጥመው ግፊቱን ለኩ። ያው ነው፤ ጌጃችን አልዋሸም። ቀጥለው የግፊት መቆጣጠሪያውን ቫልቭ ፈቱ። ስፕሪንጉ ሥር ዋሸር ተደራርቦ አገኙ። አንድ ሰው ግፊቱን ከፍ ለማድረግ ጨምሮታል ማለት ነው።

«ይህ ቫልቭ ሥራው ግፊት ሲበዛ መክፈት ነው» አሉኝ። «በአይድል ግፊቱ ሲያንስ ቫልቩ መጀመሪያውኑ ዝግ ነው። ደህና እስከተዘጋ ድረስ አሥር ዋሸር ብትጨምሪበት ምን ይፈይዳል?» የቫልቩን መቀመጫ በእጅ መብራት አዩት፤ ደህና ነው። እኔ ይህን በዚያ ቀን ነው የተማርኩት። ግፊቱ በበረራ ላይ ደህና መስሎ በአይድል የሚወርደው ለምን እንደሆነም ገባኝ። የተበላ ፓምፕ በፍጥነት ሲዞር ጉድለቱን ይሸፍነዋል፤ ቀስ ሲል ይታወቅበታል።

ከዚያ ፊልትሮውን አውጥተው ቆረጡት። ወረቀቱን በነጭ ጨርቅ ላይ ዘረጉት። የሚያብረቀርቁ ጥቃቅን ቅንጣቶች ነበሩበት። ማግኔት አስጠጉ። አልተሳቡም። ቀና ብለው አዩኝ። «አሉሚኒየም» አሉ። አሉሚኒየም ከሌላ ቦታም ሊመጣ ይችላል፤ ለምሳሌ ከፒስተን ፒን ጫፍ። ስለዚህ ሲሊንደሮቹን በካሜራ አዩ፣ ኮምፕረሽን ለኩ። አራቱም ከተሰጣቸው 80 ፒኤስአይ ውስጥ ከ74 በላይ ያዙ። «ሲሊንደሮችሽ ጤነኛ ናቸው። ኦቨርሆል አያስፈልግሽም። የሚያስፈልግሽ ፓምፕ ነው» አሉኝ። ሌላ ሰው ቢሆን ሙሉ ኦቨርሆል ሊሸጥልን ይችል ነበር። ፈርተን ስለነበር እኛም እንከፍል ነበር።

ዕቃው ትንሽ ነው፤ ሥራው ግን ከባድ ነው። ፓምፑ ያለው ከሞተሩ ኋላ፣ በአክሰሰሪ መክደኛው ውስጥ ነው። እሱን ለማውጣት ማግኔቶዎቹ ይወጣሉ፣ የቫኪዩም ፓምፑ ይወጣል፣ የፊልትሮው መያዣ ይወጣል፣ ሞተሩም ከማቀፊያው ተፈትቶ በክሬን ይንጠለጠላል። ጋሼ ይህን ሁሉ በወረቀት ጻፉልን። ዕቃው ይህን ያህል፣ የእጅ ሥራው ይህን ያህል ሰዓት፣ ጋስኬትና ዘይት ይህን ያህል። መጨረሻ ላይ የከፈልነው ከዚያ ወረቀት በአንድ ዶላር አልበለጠም።

የከፈቱት ዕለት ደወሉልኝ። «ሥራሽን ስትጨርሺ ነይ፣ ሳላሳይሽ አልዘጋውም» አሉ። ከሥራ ቀጥታ ሄድኩ። ሁለቱ ማርሾች በነጭ ጨርቅ ላይ ተቀምጠዋል። አንደኛው አሉሚኒየም ነው፤ የጥርሶቹ ጫፍ ተበልቷል። ፓምፑ የሚቀመጥበት ቤት ደግሞ ውስጡ ተጭሯል፤ ጥፍሬን ባሳልፍበት ይይዘኛል። ተፈጽሟል የተባለው ነገር አልተፈጸመም ነበር። ብዙ አልተናገሩም። ጭንቅላታቸውን ብቻ ነቀነቁ።

አዲሱ ኪት ገባ። ሁለቱም ማርሾች ከጠንካራ ብረት የተሠሩ፣ ዘንጉ አዲስ፣ ቤቱ አዲስ። የቫልቩ ዋሸር ወደ ልኩ ተመለሰ። እያንዳንዱ ቡሎን በቶርክ ሬንች ተጠበቀ። ቡሎኑ እንዳይፈታ የሚታሰርበትን ሽቦ፣ ሴፍቲ ዋየሩን፣ ብታዩት እንደ ሹሩባ የተጎነጎነ ነው፤ አንዱም ጥምዝ ከሌላው አይበልጥም። ፎቶ አንስቼዋለሁ።

ደረቅ ሞተር አላስነሱም። ከየሲሊንደሩ አንድ አንድ ካንዴላ አወጡና በማስነሻው ብቻ አዞሩት፤ ግፊቱ ከ20 ፒኤስአይ እስኪያልፍ ጠበቁ። ካንዴላዎቹን መልሰው ከገጠሙ በኋላ ነው ያስነሳነው። የአውሮፕላኑ መመሪያ ግፊት በ30 ሰከንድ ካልታየ አጥፉ ይላል። የኛ አሥር ሰከንድ እንኳ አልፈጀበትም።

ለመጀመሪያው በረራ ስዘጋጅ ጋሼ የቀኙን በር ከፍተው ገቡ። ይገባሉ ብዬ አላሰብኩም። «የሠራሁት ሞተር ላይ እኔ ካልተቀመጥኩ ማን ይቀመጥ?» አሉኝ። ከኤርፖርቱ ሳንርቅ ከላዩ ላይ አንድ ሰዓት ዞርን። እሳቸው ከዘይት ጌጁ ላይ ዓይናቸውን አላነሱም። በበረራ 78 ላይ ቆመ። አርፈን፣ ሞተሩ እንደጋለ፣ በአይድል 45። እኔ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ፤ እንባዬን እንዳያዩብኝ ነው። ያዩኝ ይመስለኛል።

ከአሥር ሰዓት በረራ በኋላ ዘይቱን ቀይረው ፊልትሮውን እንደገና ቆረጡ። ንጹህ ነው። በ25 ሰዓትም ደገሙት። ንጹህ ነው። ለሁለተኛው የእጅ ዋጋ አልተቀበሉንም። እምቢ ሲሉ እምቢ ናቸው።

ሎግቡኩ ላይ የጻፉት ግማሽ ገጽ ይሆናል። የመመሪያው ቁጥርና ቀን፣ እንዴት እንደተፈጸመ፣ የወጣውና የገባው ዕቃ ቁጥር፣ የሞተሩ ሰዓት። ይህን ለመልካምነት ብቻ አይደለም የሚጽፉት። የኤፍኤኤ ደንብ 91.417 የመመሪያዎች መዝገብ እንዴት እንደተፈጸሙ ጭምር እንዲይዝ ያዛል። አውሮፕላኑ ለበረራ ብቁ ሆኖ እንዲቆይ ደግሞ በ91.403 መሠረት ቀዳሚው ኃላፊ ባለቤቱ ነው። እኔ ይህን ለፈተና አጥንቼዋለሁ፤ ግን የሎግቡካችንን መስመር በራሴ ዓይን አንብቤ አላውቅም ነበር። እባካችሁ ዛሬ ማታ የእናንተን አውጡና እዩት። «ተፈጽሟል» ብቻ የሚል መስመር ካገኛችሁ፣ በምን እንደተፈጸመ ጠይቁ።

አሁን ደግሞ ወደ ጋሼ ልትሄዱ ካሰባችሁ ማወቅ ያለባችሁን ልንገራችሁ። ብቻቸውን ነው የሚሠሩት፤ ስለዚህ ወረፋ አለ። የኛ ሥራ ሁለት ሳምንት ተብሎ ሦስት ፈጀ፤ ኪቱ ዘግይቶ ስለመጣ። እሑድ አይሠሩም። እጃቸው ሥራ ላይ ከሆነ ስልክ አያነሱም፤ ማታ ግን መልሰው ይደውላሉ፣ አንድም ቀን ሳይደውሉ ቀርተው አያውቁም። በዓይናቸው ያላዩትን አይፈርሙም። ዓመታዊ ምርመራ በአንድ ቀን እንዲያልቅላችሁ የምትፈልጉ ከሆነ እሳቸው ጋ አትሂዱ፣ ትጣላላችሁ።

ጋሼ፣ ይህን ጽሑፍ አንድ ሰው አንብቦ እንደሚነግርዎ አውቃለሁ። እጅዎ ይባረክ። ዕድሜና ጤና ይስጥልን። ልጆቼ አሁን ከኋላ ወንበር ሲቀመጡ እኔ ከፊት ተረጋግቼ የምበርረው በእርስዎ ምክንያት ነው። የተበላችውን ማርሽ ቤት ወስጃታለሁ፤ የመኪና ቁልፌን የማስቀምጥበት መደርደሪያ ላይ ናት፣ ወደ ኤርፖርት ስወጣ አያታለሁ።

ስልካቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ አስፈቅጄ እሰጣችኋለሁ። ስትሄዱ ግን ሎግቡኮቻችሁን ሁሉንም ያዙ፣ አሮጌዎቹን ጭምር። ገና ሰላም ሳትባባሉ የሚጠይቋችሁ እሱን ነው።