ካፒቴን ኪርክ ወይስ ካፒቴን ፒካርድ፦ የማን አመራር ይሻላል?

ሁለቱም ኢንተርፕራይዝ የምትባል የጠፈር መርከብ አዛዦች ናቸው፤ ኪርክ እ.ኤ.አ. በ1966 በጀመረው የቴሌቪዥን ድራማ «ስታር ትሬክ»፣ ፒካርድ በ1987 በጀመረው ተከታዩ።

ውሳኔ፦ ኪርክ ምክትሉን ስፖክን ከሎጂክ፣ ሐኪሙን ማኮይን ከስሜት በኩል ያዳምጥና እዚያው ወንበሩ ላይ እንዳለ ይቆርጣል። ፒካርድ መኮንኖቹን ስብሰባ ጠርቶ የየሙያቸውን አስተያየት ይሰማል። ጊዜ ይበላል፤ ግን ሲወጡ ሁሉም ድርሻውን ያውቃል።

አደጋ፦ ኪርክ ወዳልታወቀ ፕላኔት ራሱ ይወርዳል፣ ብዙ ጊዜ ምክትሉን ስፖክንም ይዞ። ሁለቱ ዋና አዛዦች በአንድ ጊዜ ከመርከብ መውጣታቸው፣ እውነቱን ለመናገር፣ የሚያስተዛዝብ አሠራር ነው። ፒካርድ ዘንድ ቡድኑን በአብዛኛው የሚመራው ምክትሉ ራይከር ነው። ቦርጎች የሚባሉት ግማሽ ማሽን የሆኑ ጠላቶች ፒካርድን ሲጠልፉት ራይከር ተረክቦ መዋጋት የቻለውም ሥራውን ስለለመደ ነው።

ባላጋራ፦ አንድ ግዙፍ መርከብ ሊያጠፋቸው ሲዝት፣ ኪርክ «ኮርቦማይት አለን፤ ብትመታን አንተም ትጠፋለህ» ብሎ አስፈራራ። ኮርቦማይት የሚባል ነገር የለም! ዘዴው የሚያዋጣው ግን ባላጋራው ማጣራት እስካልቻለ ድረስ ነው። ፒካርድ በተቃራኒው በምሳሌ ብቻ ከሚናገረው፣ ታማሪያን ከሚባለው የሌላ ፕላኔት ሕዝብ ካፒቴን ጋር ቀስ በቀስ ተግባባ፤ ሰውየው ግን ከመሞት አልዳነም።

ደቂቃ የማይሰጥ አደጋ ከሆነና መርከቧ እንደ ኪርክ መርከብ 430 ያህል ሰው ብቻ ከያዘች፣ የኪርክ መንገድ ይመቻል። ድርድር ሲበዛ፣ ቤተሰብን ጨምሮ ከ1000 በላይ ሰው ሲሳፈር ደግሞ የፒካርድ። ጠንካራ ምክትል ከሌለ ግን የፒካርዱን አትሞክሩት።