የኩምሮቬትስ «ስታሮ ሴሎ» ሙዚየም፦ ለቲቶ ሄዶ መንደሩን ማየት

በሰሜን ምዕራብ ክሮኤሺያ፣ ዛጎርዬ በሚባለው ኮረብታማ አገር የምትገኘው ኩምሮቬትስ ስሟ የታወቀው የዩጎዝላቪያ መሪ የነበሩት ማርሻል ቲቶ (ዮሲፕ ብሮዝ) እ.ኤ.አ. በ1892 ስለተወለዱባት ነው፤ አብዛኛው ጎብኚም የሚመጣው የተወለዱበትን ቤት ለማየት ነው። በእኔ ግምት ግን «ስታሮ ሴሎ» (አሮጌው መንደር) የተባለው ከቤት ውጭ የተዘረጋ ሙዚየም የላቀ ዋጋው በዚያ ቤት ዙሪያ ታድሰው በቆሙት፣ ወደ 40 በሚጠጉት የገበሬ ቤቶች፣ ጎተራዎችና በረቶች ላይ ነው።

ከእንጨት ተሠርተው ጭቃ የተመረጉትንና ሣር የለበሱትን ቤቶች ያየ ሰው፣ በ1860 የተሠራው የብሮዝ ቤተሰብ ግንብ ቤት በዚያ ዘመን ምን ያህል ጎልቶ ይታይ እንደነበር ወዲያው ይገባዋል። ስለዚህ የቲቶን ቤት መጨረሻ ላይ መጎብኘት ይሻላል። የአንጥረኛው፣ የሸክላ ሠሪውና የሠርጉ ትርኢቶች ግሩም ናቸው፤ ዩኔስኮ በ2009 የመዘገበው የዛጎርዬ የእንጨት መጫወቻ ሥራም አለ። የምነቅፈው አንድ ነገር የሁሉም ነገር ንጽሕና ነው፤ ከብዙ ልጆች አንዱ የነበረውን ልጅ ቲቶን በ1907 ሥራ ፍለጋ ወደ ሲሳክ እንዲሄድ ያደረገው የኑሮ ጭንቀት በእነዚያ በተወለወሉ ክፍሎች ውስጥ አይሰማም።

ከመንደሩ አጠገብ የሚፈሰውን የሱትላን ወንዝ ሳያዩ መመለስ ጉብኝቱን ጎዶሎ ያደርገዋል። የቲቶ እናት ከወንዙ ማዶ ካለችው ፖድስሬዳ የመጡ ስሎቬናዊት ነበሩ፤ ያኔ ሁለቱም ዳርቻዎች በኦስትሮ-ሃንጋሪ ግዛት ሥር ነበሩ። ከ1991 በኋላ ወንዙ የሁለት ነጻ መንግሥታት ወሰን ሆነ፤ ክሮኤሺያ ጥር 1 ቀን 2023 ዩሮን መገበያያዋ አድርጋ ያለ ድንበር ፍተሻ ወደሚጓዙበት የሸንገን ቀጠና ስትገባ ደግሞ መደበኛው የድንበር ፍተሻ ቀረ፤ ስሎቬኒያ ግን በዚያው ዓመት ጊዜያዊ ፍተሻ መልሳ ጀመረች።

በቤቱ አጠገብ ካፖርት ለብሶ አንገቱን ደፋ ያደረገው የቲቶ ሐውልት የአንቱን አውጉስቲንቺች የ1948 ሥራ ነው። በ2004 ታኅሣሥ በፈንጂ ተመትቶ ራሱ ተቆርጦ ነበር፤ በኋላ ተጠግኖ ወደ ቦታው ተመልሷል። ቀራጺው የአዲስ አበባውን የስድስት ኪሎ የሰማዕታት ሐውልት ከፍራኖ ክርሺኒች ጋር የሠራው ሰው መሆኑን ለሚያውቅ ኢትዮጵያዊ፣ በቅርቡ ባለችው የትውልድ ከተማው በክላንየትስ የሚገኘውን የሥራዎቹን ማሳያ አዳራሽ ሳያዩ ማለፍ ያስቆጫል። ለሁለቱ ቦታዎች አንድ ሙሉ ቀን ይበቃል፤ ቤቶቹን ተረጋግቶ ማየት የሚፈልግ ግን የቲቶ ወዳጆች በዩጎዝላቪያ ዘመን የቲቶ ልደት ሆኖ ይከበር የነበረውን የወጣቶች ቀን ለማክበር ከሚሰበሰቡበት ከግንቦት 25 (እ.ኤ.አ.) አካባቢ ውጭ ያለ ጊዜ ይምረጥ።