ጡብ ግድግዳ ላይ ሳይበሱ መስቀል፦ ክሊፕ ይሻላል ወይስ ሙጫ?

ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ተከራይታችሁ የምትኖሩ ወዳጆቼ ጥያቄያችሁ አንድ ነው። «ግድግዳው ጡብ ነው፣ አከራዩ ድሪል እንዳታስነካ ብሎኛል፣ ስዕሉን በምን ልስቀለው?» ቡና በተጠራሁበት ቤት ሁሉ ይነሳል። ለእያንዳንዱ ከመድገም ብዬ ይኸው ጻፍኩት።

መልሴን ከወዲሁ ልንገራችሁ፤ ክሊፕ ግዙ። ብሪክ ክሊፕ የሚባለውን። የአንዲት ጡብ ላይኛውንና ታችኛውን ጠርዝ ነክሶ የሚይዝ ብረት ነው፣ ፊቱ ላይ መንጠቆ አለው። ሙጫ የለው፣ ቀዳዳ የለው፤ ቤት ስትቀይሩ ነቅላችሁ ይዛችሁት ትሄዳላችሁ።

ወደ ዋጋው እንምጣ። እኔ አራቱን በ14 ዶላር ነው የገዛሁት፣ ታክሱ ሳይጨመር። አንዱ 3 ዶላር ተኩል መጣ ማለት ነው። ባለ ሙጫው ስትሪፕ፣ ማለትም ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው ቁራጭ፣ 10 ዶላር ስለሆነ ርካሽ ይመስላል፤ ግን አንዴ ከተላቀቀ አለቀለት፣ ለሚቀጥለው ቤት ሌላ 10 ዶላር። ለዚያውም ከያዘ ነው። ታዋቂው የስትሪፕ ብራንድ ኮማንድ እንኳን በአምራቹ በራሱ ለጡብ አይመከርም፣ የሚፈልገው ለስላሳ ገጽ ነው። ጡብ ደግሞ ሻካራ ነው፣ ብትጠርጉት ብትጠርጉት አቧራው አያልቅም፣ ሙጫውም ጡቡን ትቶ አቧራውን ይይዛል። አንዷ ጓደኛዬ «ለማንኛውም ግድግዳ» የሚል ስም የለሽ ስትሪፕ ከኢንተርኔት ገዝታ ትልቁን የማርያም ስዕል ሰቀለችበት። ሌሊት ወርዶ ቤቱን በሙሉ ቀሰቀሰ። ስትሪፑ 6 ዶላር፣ የፍሬሙን መስታወት ማስቀየሪያ 40 ዶላር። ሒሳቡን እናንተው ሥሩት።

ክሊፑም ቢሆን ኮፒ አለው፣ እዚህ ላይ ተጠንቀቁ። ደህናው ክሊፕ ሲገባ ያስቸግራል። አንዱን ጠርዝ ታስይዙና ሌላውን በመዳፍ ገፋ ስታደርጉት ቀጭ ብሎ ይገባል፣ መዳፋችሁንም ትንሽ ያማችኋል። ኮፒው በሁለት ጣት ሸርተት ብሎ ይገባል፤ እንደዚያ ከሆነ ያኔውኑ መልሱት፣ ብረቱ ስስ ነው፣ አንዴ ከተለጠጠ ወደ ቦታው አይመለስም። ጥርሱንም እዩት፤ የደህናው ሹል ነው፣ የኮፒው የተላገ ይመስላል። ማሸጊያው ላይ 25 ፓውንድ፣ ማለትም 11 ኪሎ ገደማ ይሸከማል ቢል እኔ ግማሹን ነው የማምነው። ከዚያ በላይ ለሆነ ነገር ሁለት ክሊፕ አደርጋለሁ።

ከመግዛታችሁ በፊት ግን ግድግዳውን ዳስሱት። በጡብና በጡብ መሃል ያለው ሲሚንቶ ወደ ውስጥ ገባ ማለት አለበት፣ ቢያንስ 3 ሚሊ ሜትር፣ ሁለት ፔኒ ተደርቦ የሚያህል። ጥፍራችሁ የጡቡን ጠርዝ ካላገኘ ክሊፑም አያገኘውም። የጡቡንም ቁመት ለኩ፤ የተለመደው የአሜሪካ ጡብ 2¼ ኢንች ነው፣ ግን ትልልቅም አለ፣ ክሊፑ የሚሸጠው በቁመት ነው። ሳይለኩ አዝዘው በመመለሻ ፖስታ ብር የጨረሱ ሰዎች አውቃለሁ።

ስለ ሆት ግሉ፣ በሙቀት አቅልጠው ስለሚለጥፉበት ሙጫ፣ ብዙ አልልም። ለገና መብራትና ለትንሽ መንጠቆ፣ ለምሳሌ ሰፌድ ለመስቀል፣ ይበቃል። ሰፌዱን ራሱን ግን አትለጥፉት፣ ስፌቱ ይበላሻል። ሙጫውን ስታነሱት አልኮል ጠብ ብታደርጉበት ይለቃል።

የግንባታ ሙጫውን ግን በፍጹም! በ6 ዶላር ይገኛል፣ ይይዛል፣ እሱ ላይ ክርክር የለኝም። ችግሩ ሲነሳ ነው፤ የጡቡን ፊት ይዞት ይወጣል። የተተኮሰው የጡብ ቆዳ ከተላጠ ውስጡ ውሃ ይጠጣል፣ ውጭ ግድግዳ ከሆነ ደግሞ በክረምት ውሃው በረዶ ሆኖ ጡቡን ይፈነካክተዋል። ሜሪላንድ ውስጥ አከራይ ዲፖዚታችሁን በ45 ቀን ውስጥ መመለስ አለበት፤ ጉዳት ካደረሳችሁ ግን ዘርዝሮ ይቆርጥላችኋል። የተላጠ ጡብ ደግሞ ፎቶው ብቻውን ይመሰክርባችኋል።

ሲሚንቶው ከጡቡ እኩል የሆነ ወይም ወፍራም ቀለም የተቀባ ግድግዳ ያላችሁ፣ ክሊፕ አይሆንላችሁም፣ ገንዘባችሁን አታባክኑ። ትልቁን መስታወት መሬት ላይ አስደግፉት። ስዕሉን የግድ መስቀል ካለባችሁ አከራዩን አናግሩና በጽሑፍ አስፈቅዳችሁ ሲሚንቶው ላይ አንዲት ቀጭን የኮንክሪት ሚስማር ምቱ፤ ጡቡ ላይ አይደለም። ስትለቁ ቀዳዳዋን በተመሳሳይ ቀለም ሞርታር (የጡብ መሃል መሙያ ሲሚንቶ) ትደፍኗታላችሁ፣ ትንሿ ቱቦ እኔ በገዛሁበት ሱቅ 8 ዶላር ነበረች።