ለኮምቦልቻው የጉምሩክ አስተላላፊያችን ምስጋና፣ ዕቃ ለምታስመጡም ጥቆማ

እኔና ባለቤቴ ደሴ ሰኞ ገበያ አካባቢ ላለችው የልብስ ስፌት ቤታችን ከቻይና ያስመጣናቸው ማሽኖች በኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ በኩል የጉምሩክ ሥርዓታቸው ተጠናቆ በሰላም እጃችን ገብተዋል። ይህን ሥራ ከመነሻው ይዘው ዳር ላደረሱልን የጉምሩክ አስተላላፊ፣ በተለምዶ ትራንዚተር ለምንላቸው ባለሙያ፣ በአደባባይ ምስጋናዬን ማቅረብ እፈልጋለሁ። ስማቸው እንዲወጣ ስላልፈቀዱ አልጠቅሰውም። ሥራቸውን ግን በዝርዝር እናገራለሁ፤ «ጎበዝ ናቸው» ብቻ ብሎ ማለፍ ለእሳቸውም አይመጥንም፣ ለአንባቢም አይጠቅምም።

ግዢው ለእኛ ቀላል ጉዳይ አልነበረም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ በደረሰ ጊዜ በሁለቱም ከተሞች ብዙ የሥራ ቦታዎች መዘረፋቸውን የአካባቢው ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ የእኛም ቤት ከእነዚያ አንዱ ነበር። ከዚያ ወዲህ በኪራይ ማሽን የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፋን ቆይተን፣ ከዕቁብና ከባንክ ብድር ባገኘነው ገንዘብ ነው አዲሶቹን የገዛነው። አንድ ሳጥን ቢጎድል ወይም ኮንቴይነሩ ወደብ ላይ ቆሞ ኪራይ ቢቆጥርብን የምንቋቋምበት አቅም አልነበረንም።

እኚህን ሰው ከሌሎች የሚለያቸው ሥራቸውን የሚጀምሩት ዕቃው ኮምቦልቻ ሲደርስ ሳይሆን ገና ከሻጩ መጋዘን ሳይወጣ መሆኑ ነው። ከእሳቸው በፊት ያነጋገርነው ሌላ ሰው «ዕቃው ሲደርስ ደውሉልኝ፤ ኢንቮይሱ ላይ ያለውን ዋጋ ግን ዝቅ አስደርጉት» ብሎን ነበር። እሳቸው ስለዚህ ነገር ስንነግራቸው ፊታቸው ተለወጠ። ዋጋ አሳንሶ ማቅረብ በሕግ የሚያስጠይቅ መሆኑን፣ ቢታወቅ የሚከፈለው ቅጣት ተቆጠበ ከተባለው ቀረጥ በላይ ሊሆን እንደሚችልና ተጠያቂነቱም በስሙ ላስመጣው ሰው እንደሚተርፍ አስረዱንና፣ በዚህ የምትስማሙ ከሆነ ብቻ ሥራውን እይዛለሁ አሉን። ተስማማን።

ከዚያም ከሻጩ የተላከልንን ረቂቅ ኢንቮይስና ፓኪንግ ሊስት፣ ማለትም የዋጋ ሰነዱንና በየሳጥኑ ያለውን ዕቃ ዝርዝር፣ ጠረጴዛቸው ላይ ዘርግተው፣ መነጽራቸውን አድርገው፣ በየመስመሩ ሥር በእርሳስ እያሰመሩ አነበቡት። አንብበው ሲጨርሱ «አብሽሪ ልጄ፤ አሁን የተገኘ ስሕተት ለሻጩ በመጻፍ ብቻ ይታረማል፤ ወደብ ላይ የተገኘ ግን የሚታረመው በገንዘብ ነው» አሉኝ። ያሰመሩባቸው ቦታዎች ጥቂት አልነበሩም። ሻጩ ዕቃውን ሁሉ «የስፌት ማሽንና መለዋወጫ» በሚል አንድ መስመር ጠቅልሎት ነበር። በዓለም ጉምሩክ ድርጅት የዕቃ አመዳደብ ሥርዓት የስፌት ማሽን በ8452 ሥር የሚወድቅ ሲሆን፣ የቤት ውስጥ ዓይነቱና የፋብሪካ ዓይነቱ በዚያው ሥር በተለያየ ንዑስ ቁጥር ይመደባሉ፤ መርፌም የራሱ ንዑስ ቁጥር አለው። የጨርቅ መቁረጫ ማሽን ደግሞ ጭራሽ በሌላ አንቀጽ፣ በ8451 ሥር ነው። የሚከፈለው ቀረጥ የሚወሰነው በዚህ ቁጥር ስለሆነ እያንዳንዱ ዕቃ ከነሞዴሉና ከነብዛቱ በየራሱ መስመር እንዲጻፍ አስደረጉ። የንግድ ፈቃዳችን ስም በላቲን ፊደል ሲጻፍ ከግብር ከፋይ መለያ ቁጥራችን ምዝገባ ጋር በአንድ ፊደል ይለያይ ስለነበር እሱም ተስተካከለ። ሻጩ በስጦታ የጨመረልን የቦቢንና የማሽን እግር ሳጥን እንኳ ያለ ክፍያ የመጣ ቢሆንም ከነግምት ዋጋው ሰነዱ ላይ እንዲሰፍር አድርገዋል፤ ይህ ሳጥን ኋላ ላይ እንዴት እንደጠቀመን እነግራችኋለሁ።

ስለ ማጓጓዣውም ምክራቸውን ሰጥተውናል። የባሕር በር ስለሌለን የአገራችን ገቢ ዕቃ አብዛኛው በጅቡቲ ነው የሚገባው። ወደ ኮምቦልቻ የሚመጣው በጋላፊ ድንበር ገብቶ፣ በሚሌ በኩል አድርጎ፣ በባቲ ወደ ደጋው ይወጣል። በዩኒሞዳል የሚያስመጣ ሰው ጅቡቲ ላይ ዕቃውን ራሱ ተረክቦ፣ እዚያ አስተላላፊና ከዚያ የጭነት መኪና ራሱ መፈለግ አለበት። በመልቲሞዳል ግን አንድ አጓጓዥ በአንድ ሰነድ ከሻጩ አገር ወደብ እስከ ደረቅ ወደቡ ድረስ ኃላፊነቱን ይወስዳል። ለትልቅ አስመጪ ምርጫው ሌላ ሊሆን ይችላል፤ ጅቡቲ ውስጥ ዘመድም ወኪልም ለሌለው እንደ እኛ ላለ አነስተኛ ነጋዴ ግን መልቲሞዳሉ ይሻላል ብለውን ነበር፣ እንዳሉትም ሆነ።

ክፍያውን በተመለከተ አንድ ወረቀት ላይ ጽፈው ያስረዱንን ማንም ሰው ከዚያ በፊት አላስረዳንም ነበር። ቀረጥ የሚሰላው ሻጩ በጠየቀው ዋጋ ላይ ብቻ ሳይሆን የማጓጓዣና የኢንሹራንስ ወጪ ተደምሮበት ነው፤ 15 በመቶ የሆነው ተጨማሪ እሴት ታክስ ደግሞ የሚሰላው ቀረጡ ከተጨመረበት ድምር ላይ ነው። በቅድሚያ የሚያዘው የገቢ ግብር በዓመቱ መጨረሻ ከምንከፍለው ግብር ላይ የሚታሰብ ስለሆነ ደረሰኙን እንደ ዓይናችን ብሌን እንድንጠብቀው አሳስበውናል። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን በመደረጉም፣ አንድ ቁርጥ ያለ አኃዝ ሰጥተው ከማሳሳት ይልቅ ዝቅተኛና ከፍተኛ ግምት ጽፈው ሰጡን፤ የከፈልነውም በሁለቱ መካከል ሆነ። ያልጠበቅነው ወጪ ስላልመጣብን ሌላ ብድር ፍለጋ አልሮጥንም።

ኮንቴይነሩ ገብቶ ዲክላራሲዮኑ፣ ማለትም ዕቃውን ለጉምሩክ የምናሳውቅበት ሰነድ፣ ከተመዘገበ በኋላ የወጣልን የስጋት ደረጃ ቀይ ነበር። ለማታውቁት፣ አረንጓዴ ሲሆን ዕቃው ያለ ፍተሻ ይለቀቃል፤ ቢጫ ሲሆን ሰነዱ ይመረመራል፤ ቀይ ሲሆን ዕቃው ራሱ ተከፍቶ ይታያል። እኔ ልቤ ደንግጦ «እንግዲህ ምን ይሻላል?» ስላቸው፣ «ቀይ ከሆነ ይከፈታል፤ ሲከፈት ደግሞ ወረቀቱ ላይ ያለው ነው የሚታየው» ብለው አረጋጉኝ።

የፍተሻው ዕለት ያየሁት ነገር ነው ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ የገፋፋኝ። የኮንቴይነሩ ማሸጊያ ከመቆረጡ በፊት በላዩ ያለውን ቁጥር ፈታሹ እየሰማ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነበቡ፣ ከማጓጓዣ ሰነዱ ጋር አመሳከሩ፣ በስልካቸውም ፎቶ አነሱት። በክላሴር ይዘውት የመጡት ሠንጠረዥ የእያንዳንዱን ሳጥን ቁጥር፣ በውስጡ ያለውን ማሽን ሞዴልና የማሽኑን መለያ ቁጥር የያዘ ነበር። ፈታሹ ከፊት ያሉትን ትቶ ከጥግ ያለ አንድ ሳጥን እንዲወጣ አዘዘ፤ ጫኝና አውራጆቹ አውጥተው ከፈቱት። ማሽኑ ኦቨርሎክ፣ የጨርቅ ጠርዝ የሚዘመዝመው ዓይነት፣ ነበር፤ ከሆዱ ሥር የተለጠፈችው ትንሽ ብረት ላይ ያለው ቁጥር በእጅ ባትሪ ሲታይ ሠንጠረዡ ላይ ካለው ጋር አንድ ሆኖ ተገኘ። ቀጥሎ የተጠየቀው ያ የስጦታ ሳጥን ነበር፤ በአሠራሩ ከሌሎቹ ስለሚለይ ዓይን ይስባል። እሱም ሰነዱ ላይ ከነዋጋው ሰፍሮ ስለነበር ሌላ ጥያቄ አላስነሣም። ሳይጻፍ መጥቶ ቢሆን ኖሮ በዚያች ጥቂት ቦቢን ምክንያት ጭነቱ ሁሉ ጥርጣሬ ላይ ሊወድቅ ይችል ነበር። በዚህ ሁሉ መካከል ከሥራው ሰዓትና ከሕጋዊ ክፍያ ውጪ ማንም ምንም አልጠየቀንም፤ ፍተሻውን ያካሄደውንም ባለሙያ ስለ ትሕትናውና ስለ ጥንቃቄው አመሰግናለሁ።

በውላችን ያልነበረ አንድ ውለታም አለ። ሻጩ ማሽኖቹን የሚገጥም ቴክኒሻን ሊልክልን ሲዘጋጅ በቱሪስት ቪዛ እንዲመጣና መለዋወጫ በሻንጣው ይዞ እንዲገባ አስቦ ነበር። እሳቸው ይህን ሲሰሙ የቱሪስት ቪዛ ለሥራ እንደማይሆን ነግረውን፣ ከእኛ የግብዣ ደብዳቤ ተጽፎለት በተገቢው የቢዝነስ ቪዛ እንዲመጣ፣ ለንግድ ሥራ የሚውለውንም መለዋወጫ ቦሌ ሲደርስ ለጉምሩክ እንዲያሳውቅ አስደረጉ። እንግዳችን ያለ እንግልት ገብቶ፣ ሥራውን ሠርቶ፣ በሰላም ወደ አገሩ ተመልሷል።

ሒሳብ ስንተሳሰብ እያንዳንዱን ደረሰኝ በቀን ቅደም ተከተል አስይዘው፣ ከሰጠናቸው ገንዘብ የተረፈውን ሳንጠይቃቸው መለሱልን። ጭነቱን ከኮምቦልቻ የሐረጎን ዳገት አውጥቶ ደሴ ያደረሰልንን የአይሱዙ ሹፌርም ያገናኙን እሳቸው ናቸው፤ ለእሱም ምስጋናዬ ይድረሰው።

ጥቆማዬን በግልጽ ላስቀምጥ። የአገልግሎት ክፍያቸው ከጠየቅናቸው ሁሉ ዝቅተኛው አይደለም፤ በእኔ ግምት ግን የሚገባቸው ነው። ዋጋ እንዲያሳንሱለት ወይም «በሰው» እንዲጨርሱለት የሚፈልግ ሰው ጊዜውን ባያባክን ይሻለዋል። ጠዋት ጠዋት የጉምሩክ ቅርንጫፍ ጽሕፈት ቤቱ ስለሚውሉ ስልክ አያነሡም፤ ዓርብም ከጁምዓ በኋላ ነው የሚገኙት፤ መልእክት ከተዉላቸው ግን ያለ ጥርጥር መልሰው ይደውላሉ። ስልካቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ እንድሰጥ ፈቅደውልኛል። ከመደወላችሁ በፊት ኢንቮይሱን፣ ፓኪንግ ሊስቱን፣ የንግድ ፈቃዳችሁንና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥራችሁን አዘጋጁ፤ በመጀመሪያ የሚጠይቋችሁ እነዚህን ነው። ዕቃችሁ ገና ካልተጫነ ዛሬውኑ ደውሉላቸው።